ከደጃፍ እስከ ፌርማታ፦ ኮንዶሚኒየም ሰፈር ላሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች መንገዱ የሚቆረጠው የት ላይ ነው?

የኮዬ ልጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ኮዬ ፈጬ ነው የምኖረው። አብራኝ ያለችው እናቴ ሰባ ዓመት አልፏታል። ጉልበቷን ያማታል እንጂ አእምሮዋ ንቁ ነው። ሰው ትወዳለች። እድሯ፣ የጽዋ ማኅበሯ፣ የንስሐ አባቷ ሳይቀሩ የድሮው ሰፈራችን ናቸው። መሃል ከተማ መሄድ ለእሷ ሽርሽር አይደለም፤ ኑሮዋ ያለው እዚያ ነው።

ስለ ትራንስፖርት ሲወራ ሁልጊዜ የምንሰማው «አውቶቡስ ይጨመር፣ ታክሲ ይሰማራ» የሚል ነው። ልክ ነው፣ ይጨመር። እኔ ግን ከእናቴ ጋር ስወጣ የማየው ሌላ ነገር ነው። ታክሲ ውስጥ ከገባች በኋላ እናቴ ደህና ናት። ወጣቱ ተነስቶ ያስቀምጣታል። ረዳቱ «ማዘር ቀስ ብለው» እያለ እጇን ይይዛል። የሚያቅታት ታክሲው ጋ መድረስ ነው።

መንገዱን ልንገራችሁ። ከሦስተኛ ፎቅ በደረጃ ትወርዳለች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ የደረጃው መደገፊያ ብረት ተነቅሏል። ግቢው ኮብልስቶን ነው። ቧንቧ ሊቀበር ተቆፍሮ ነበርና ድንጋዩ እንደነገሩ ስለተመለሰ እግር ያደናቅፋል። ከግቢው በር ወጣ ሲባል ቱቦ አለ፤ ክዳኑ ሁለት ቦታ የለም። ቀጥሎ አስፋልቱ ይመጣል። ዜብራ የለውም፤ ገልባጭ መኪናው ፍጥነቱን ሳይቀንስ ነው የሚያልፈው። ተሻግራ ፌርማታው ጋ ስትደርስ መቀመጫ የለም፣ ጥላ የለም፣ ቆማ ትጠብቃለች። ይህ ሁሉ ከታክሲው በፊት ነው።

በዕቅድ ላይ ፌርማታ በ500 ሜትር ውስጥ ካለ ብዙ ጊዜ ቅርብ ተብሎ ይያዛል። ጤነኛ ወጣት 500 ሜትርን በ6 ወይም በ7 ደቂቃ ይጨርሰዋል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው እጥፉንና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። መሃል ላይ አረፍ የሚልበት ካላገኘ ደግሞ ጭራሽ አይጀምረውም። ሳይጀምረው ቤቱ የቀረ ሰው የትም አይቆጠርም። ሰልፍ ላይ ስለማይታይ ችግር እንደሌለበት ይታሰባል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ኮዬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ፣ እነዚህ ሁሉ ሺዎች የሚኖሩባቸው ሰፈሮች ናቸው። ዋናው አስፋልት አለ። ከብሎክ እስከ አስፋልቱ ያለው ጥቂት መቶ ሜትር ግን የማንም ሥራ አይመስልም።

እስቲ ንገሩኝ። እናንተ ጋ መንገዱ የሚቆረጠው የት ነው? ደረጃው ላይ፣ ቱቦው ላይ፣ መሻገሪያው ላይ ወይስ የታክሲው በር ላይ? በተለይ ዊልቸርና ምርኩዝ የምትጠቀሙ ብትጽፉ ደስ ይለኛል።

---

ባለ ጎማ (ቱሉ ዲምቱ)

እህቴ፣ ስለጻፍሽው አመሰግናለሁ። እኔ ዊልቸር ተጠቃሚ ነኝ። እኔ ጋ አራቱም ቦታ ላይ ይቆረጣል። ግን ተራ በተራ ልናገር።

ቤቴ ምድር ላይ ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ለአካል ጉዳተኞች 5 በመቶ ተለይቶ ተይዞ ነበር፤ ምድር ቤትም ለእኛ ቅድሚያ ይሰጥ ነበር። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ያላገኙት ያውቁታል። ሆኖም ምድር ቤት መኖር ብቻውን ከግቢ አያስወጣም። የብሎኩ መውጫ ላይ ሁለት ደረጃ አለ። ቤቱን ለእኔ የሰጠው አካል ደረጃውን አልነካውም። ጎረቤቶቼ ላሜራ አስበይደው አነጠፉልኝ። እግዚአብሔር ይስጣቸው። በዝናብ ጊዜ ግን ያንሸራትታል፣ ቁልቁለቱም ኃይለኛ ነው። ሰው ከኋላ ካልያዘኝ አልወርድበትም።

ስለ ኮብልስቶን የማያውቅ ሰው «አቧራ የለውም፣ ጥሩ ነው» ይላል። በዊልቸር ሂድበትና ታየዋለህ። ሆስፒታል ውስጥ የምናየው ዓይነት ዊልቸር የፊት ጎማው ትንሽ ስለሆነ በድንጋዮቹ መሃል ይገባና ቀጥ ይላል። ሰውነትህ ግን ወደፊት ይሄዳል። ብዙ ሰው የሚወድቀው እንዲህ ነው። ለእኛ መንገድ የሚሻለው ፊቱ ረዘም ያለ፣ ከፊት አንድ ትልቅ ጎማ ያለው ባለ ሦስት ጎማው ነው። በእጅ እየዞረ የሚነዳው ሳይክልም አስፋልት ላይ ጥሩ ነው፤ ችግሩ ታክሲ ላይ አይጫንም፣ በር ውስጥም አይገባም። ለአንድ ሰው ዊልቸር ከመስጠት በፊት የሚኖርበትን መንገድ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። ስጦታ ተብሎ መጥቶ አልጋ ሥር የቀረ ስንት ዊልቸር አለ!

ታክሲው በር ላይ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ይጠብቀኛል። አንዳንዱ ረዳት ወርዶ ተሸክሞ ያስገባኛል። አንዳንዱ ከሩቅ አይቶኝ «ሞልቷል» ይላል። ሌላው ለዊልቸሩ የዕቃ ሂሳብ ይጠይቃል፤ አንዳንዴ የአንድ ሰው፣ አንዳንዴ የሁለት። እግሬን ነው የሚያስከፍለኝ። ግርግሩ ሳይጀመር፣ ገና ሳይነጋ መውጣት አለብኝ። አለዚያ ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ። ጠዋት 2 ሰዓት ግባ የሚል መሥሪያ ቤት ልቀጠር ብል በምን እደርሳለሁ?

የሚሻለኝ ባጃጅ ነው። ዝቅ ያለ ነው፣ ደጃፍ ድረስ ይመጣል፣ ዊልቸሩ ታጥፎ ከኋላ ይገባል። በ2015 ባጃጆች ለጊዜው ከከተማው በታገዱ ጊዜ እኔና እኔን መሰሎች ቤት ዋልን። በጸጥታና በሥርዓት ጉዳይ አልከራከርም። ውሳኔው ሲወሰን ግን «ደጃፍ ድረስ በሌላ ምን ይሄዳሉ?» ብሎ የጠየቀ ያለ አይመስለኝም።

---

አራብሳ ነኝ

አልቃወምም፤ ግን ቅደም ተከተል ይኑረን። እኛ ጋ ጠዋት ታክሲ የለም። ጤነኛው ራሱ ይጋፋል፣ በመስኮት የሚገባ አለ። ባቡሩ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በምሥራቅ አያት፣ በደቡብ ቃሊቲ ላይ ነው መስመሩ ያበቃው። እኛ ከዚያ ወዲያ ነን። መኪናው ሳይኖር ፌርማታው ላይ ወንበር ቢቀመጥ ምን ይጠቅማል? መጀመሪያ አውቶቡስ ይምጣ። ግፊያው ሲቀንስ አረጋውያንም ይገባሉ።

---

የኮዬ ልጅ

@አራብሳ ነኝ፣ ግፊያው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቀን 6 ሰዓት ላይ እናንተ ጋ ታክሲ ባዶውን ቆሞ ተሳፋሪ ይጠራል። እኛ ጋም እንደዚያው። አረጋውያን የሚፈልጉት ሰዓት እኮ ይህ ነው። ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ ለቅሶ። እናቴ 6 ሰዓት ላይም አትወጣም። መኪና ጠፍቶ ሳይሆን ቱቦውን መሻገር ስለማትችል ነው። አውቶቡሱን መጠበቅ የሌለበት ሥራ አለ ነው የምለው።

---

ሾፌሩ (ገላን – ቃሊቲ መስመር)

ሚኒባስ እነዳለሁ። ከሾፌር በኩል የሚታየውን ልናገር፣ ቅር እንዳትሰኙ።

አብዛኛው ሾፌር መኪናው የራሱ አይደለም። ለባለንብረቱ በየቀኑ የተቆረጠ ገቢ እናስገባለን። ነዳጅ ከዚያ ላይ ነው። ረዳቱም ከዚያ ላይ ነው። የሚተርፈው የእኛ እንጀራ ነው። ስለዚህ ጠዋትና ማታ እያንዳንዷ ደቂቃ ብር ናት። ዊልቸር ለማስገባት አምስት ደቂቃ ከቆምኩ ከኋላ ያለው መኪና ክላክስ ይለቀዋል፣ ተራ አስከባሪው ይጮኻል፣ ፌርማታ ያልሆነ ቦታ ከሆነ ደግሞ ትራፊክ ይመጣል። የሰው ክፋት ያለበት ቦታ አለ፣ አልክድም። ለዊልቸር ገንዘብ መቀበል ነውር ነው፣ እኔ መኪና ላይ አይደረግም። ግን ሥርዓቱ ራሱ መቆምን ያስቀጣል።

ሁለተኛ፣ መኪናው ራሱ ለሰው ተብሎ አልተሠራም። ሚኒባስ ብዙው የጭነት አካል ነው፤ ወንበሩ እዚህ የተበየደ ነው። በሩ ጠባብ ነው፣ መርገጫው ከፍ ይላል፣ በሩ ጋ ያለው ወንበር ታጣፊ ነው። ለሽማግሌ ጥሩው ከበሩ ፊት ለፊት ያለው የመጀመሪያው ረድፍ ነው። ጋቢና ለብዙዎቹ አይመችም፣ እግር ወደ ላይ ማንሳት ይፈልጋል። «ሞተር ላይ» ማስቀመጥማ ጭራሽ አይገባም፤ ይሞቃል፣ መደገፊያም የለውም። ይህን ለረዳቶች መንገር ብቻ ብዙ ይለውጣል።

ሦስተኛውን ሰው አያነሳውም። ፌርማታ ብላችሁ የምትጠሩት ቦታ እኛ የምንቆምበት አይደለም። ፌርማታው ላይ የሸቀጥ ጀብሎ ተዘርግቶበታል፣ ወይም ጉድጓድ ነው። ስለዚህ አስፋልቱ መሃል ቆመን እናወርዳለን። እናታችን ከአስፋልት ላይ ሆነው ወደ መኪናው መውጣት አለባቸው። ከፍ ያለ ጠርዝ አጠገብ ብቆም ግን መርገጫው ግማሽ ይሆንላቸው ነበር። ቦታውን ስጡኝና ተጠግቼ እቆማለሁ።

---

ነጭ በትር

ዓይነ ስውር ነኝ፤ በስልኬ አንባቢ ድምፅ ነው ውይይቱን የተከታተልኩት። ከላይ የተባለው ሁሉ ደረጃና ጎማ ላይ ነው። የእኛም ይጨመር።

ከ2016 ጀምሮ በኮሪደር ልማት የተሠሩት የመሃል ከተማ እግረኛ መንገዶች ለእኔ ትልቅ ለውጥ ናቸው። ሰፊ ናቸው። ብዙ ቦታ በእግር የሚዳሰስ ሻካራ ንጣፍ አለ፤ መስመሩን ይዤ ብቻዬን እሄዳለሁ። ሲሠራ እንደሚቻል አይተናል። ስለዚህ «አገሩ ድሃ ነው» የሚለው መልስ ለእኔ አይበቃኝም።

ከከተማው መሃል ስርቅ መስመሩ ያልቃል። ሲያልቅ ምልክት አይሰጥም። ንጣፉ ያበቃና ቱቦ ይጀምራል። ክዳን የሌለው ቱቦ በበትር የሚገኘው በትሩ ቀድሞ ከገባበት ብቻ ነው። አንድ ድንጋይ ዘሎ ካለፈ እግር ይቀድማል። ዓይናማ ሰው ክዳን የሌለውን ቱቦ ቀን ቀን ያየዋል። ማታ መብራት ሲጠፋ ግን ሁላችንም አንድ ነን።

ሌላው ነገር የመኪናው መድረሻ ነው። መሃል ከተማ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ ስለሚጠራ ለእኔ ጥሩ ነው። ይህ ጥሪ የሚያሰለቻቸው ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ እኔ ግን የምሄድበትን መኪና የማገኘው በዚህ ነው። አውቶቡስ ደግሞ ቁጥሩን ግንባሩ ላይ ይጽፋል እንጂ አይናገርም። ሰው መጠየቅ አለብኝ። ሰው በሌለበት ፌርማታ ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ይሄዳል፣ የእኔ ይሁን አይሁን ሳላውቅ። ሾፌሩ በሩን ሲከፍት መድረሻውን ጮክ ብሎ ቢናገር ምን ወጪ አለው?

እባካችሁ ደግሞ አንድ ልመና። ልትረዱን ስትፈልጉ በትሩን አትያዙት፣ ክንዳችንንም አትጎትቱ። «ልያዝዎት?» በሉና ክንዳችሁን ስጡን። እኛ እንይዛችኋለን።

---

አስፋልትና ድንጋይ

መንገድ ሥራ ላይ ያለሁ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። የተነሱትን ነገሮች በቁጥር ላስቀምጣቸው። ሰው ሲጠይቅ ቁጥር ይዞ ቢሄድ መልስ ያገኛልና።

የዊልቸር መወጣጫ ስፋቱና ቁልቁለቱ የታወቀ ነው። 1 ለ12 ይባላል። 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ለመውጣት 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። አንድ ተራ ደረጃ 15 ሳንቲ ሜትር ቢሆን መወጣጫው 1 ሜትር ከ80 መሆን አለበት። @ባለ ጎማ፣ አንተ ጋ ሁለት ደረጃ ስለሆነ 3 ሜትር ከ60 ያስፈልግሃል። ላሜራው ከዚያ ካጠረ ቁልቁለቱ ለዚያ ነው። ብረት በዝናብ ማንሸራተቱ አይቀርም። ኮንክሪት ተሞልቶ ሳይደርቅ በመጥረጊያ አግድም ቢፋቅ ይይዛል። ስፋቱ ቢያንስ 90 ሳንቲ ሜትር፣ ቢቻል 1 ሜትር ከ20። ጎንና ጎኑ ላይ ጎማ እንዳያመልጥ ትንሽ ጠርዝ ይኑረው።

መሻገሪያውን በተመለከተ፣ የእግረኛ መብራት ሰዓት ሲሰላ ብዙ ጊዜ ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ተብሎ ነው። 30 ሜትር ስፋት ያለው መንገድ በዚህ ስሌት 25 ሰከንድ ይበቃዋል። አረጋዊ ሰው ግን በሰከንድ 0.8 ሜትር ቢሄድ 37 ሰከንድ ተኩል ያስፈልገዋል። መብራቱ ሲቀየር መሃል መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ዳር ላይ ባሉ ሰፈሮች መብራት ራሱ ስለሌለ መፍትሔው ሌላ ነው፦ መሃል ላይ ከፍ ያለ ማረፊያ ደሴት፣ ከዜብራው በፊት ጉብታ፣ ወይም ዜብራውን ራሱን ከእግረኛ መንገዱ ጋር እኩል ከፍ ማድረግ። የመጨረሻው ለዊልቸርም ለሁሉም ይጠቅማል። የእግረኛ ድልድይ ግን መፍትሔ ብላችሁ አትጠይቁ። መኪናው ሳይቆም እንዲሄድ እግረኛውን ደረጃ ማስወጣት ነው። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ከሥሩ ነው የሚሻገረው፤ አጥር ካለ ደግሞ አይሻገርም።

ፌርማታን በሚመለከት ሾፌሩ የተናገረው የሙያ ሰው ንግግር ነው። ዝቅ ያለ ወለል ያላቸው አውቶቡሶች ወለላቸው ከመሬት 35 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የፌርማታው ጠርዝ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢል የሚቀረው አንድ ትንሽ እርምጃ ነው። የሚታጠፍ መርገጫ ካለው ዊልቸር ራሱ ይገባል። አሁን የኤሌክትሪክ አውቶቡሶችና ሚኒባሶች ከተማችን ውስጥ መታየት ጀምረዋል። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተከለከለ ከ2016 ወዲህ የመኪናው ዓይነት እየተቀየረ ነው። ግዥ ሲፈጸም «ዝቅ ያለ ወለልና ታጣፊ መርገጫ» የሚል አንድ መስመር ጨረታው ውስጥ መግባት ያለበት አሁን ነው። መኪናው አንዴ ከተገዛ በኋላ ወለሉን ዝቅ ማድረግ አይቻልም።

የቱቦ ክዳንን በተመለከተ ሌብነቱ ምክንያት አለው። ክዳኑ ውስጥ ያለው ፌሮ ለቁርጥራጭ ብረት ይሸጣል። ኮንክሪቱን ሰብረው ፌሮውን ይወስዳሉ። ክዳኑ አንድ ሰው የማያነሳው ክብደት ቢኖረው ወይም ከቱቦው ግድግዳ ጋር ቢታሰር ይቀንሳል። ለጽዳት የሚከፈተው ቦታ ብቻ ልቅ ይሁን።

አዲስ አበባ ውስጥ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው። ከተማው እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚቆይ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም አለው። ወረቀቱ ላይ እግረኛ ቅድሚያ አለው። ስትጠይቁ ይህን ጥቀሱ።

---

አራብሳ ነኝ

እሺ፣ የቀን ሰዓቱ ነገር ገብቶኛል። እኛ ብሎክ ላይ አራተኛ ፎቅ ያሉ አንድ አባት አሉ። ከወረዱ ቆይተዋል፤ ቡና ሲጠራ እንኳ ሰው ነው ወደ እሳቸው የሚወጣው። ስለ እሳቸው ማን ምን ያድርግ? አምስት ፎቅ ሊፍት የለው።

---

ጡረተኛው መምህር

ልጆቼ፣ ውይይታችሁን በደስታ አነበብኩ። እኔም የካ አባዶ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበርኩ፤ አሁን ምድር ቤት ነኝ። ያደረግነውን ልንገራችሁ፤ ለእኚያ አባት ይሆን ይሆናል። ቤቴን አከራየሁና ከሥር ምድር ቤት ተከራየሁ። የኪራዩ ልዩነት አለ፣ ምድር ቤት ለሱቅ ስለሚፈለግ ይወደዳል። ልጆቼ ልዩነቱን ይሞላሉ። የብሎኩ ሰው አስማምቶን ነው እንጂ በደላላ ቢሆን አይሳካም ነበር። ይህ ለሁሉም የሚሆን መፍትሔ አይደለም። ግን አንድ ሰው ደረጃ ስለከበደው ብቻ ከኑሮ መውጣት የለበትም።

የሕጉን ነገር ላንሳ። የጋራ መኖሪያ ቤት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚባል አለ። በዚህ መሠረት ደረጃው፣ መደገፊያው፣ ግቢው የጋራ ንብረት ነው፤ የባለቤቶች ማኅበሩ ነው የሚያስተዳድረው። ስለዚህ የኮዬዋ ልጄ፣ የተነቀለው ብረትና የግቢው ድንጋይ የእናንተው የማኅበሩ ሥራ ነው። ማንንም መጠበቅ የለባችሁም። በስብሰባ አስይዙት። ከግቢው በር ወዲያ ያለው ቱቦና አስፋልት ግን የከተማው ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀሙና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች መግቢያ እንዲኖረው አዝዞ ነበር። ጥሩ ሕግ ነበር። ነገር ግን የሚናገረው ስለ ሕንፃ ነበር። ባንኩ መወጣጫ ኖሮት ከፊቱ ያለው ቱቦ ክፍት ከሆነ ምን ዋጋ አለው? አገራችን በ2002 በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው ሰፋ ብሎ የሚሄደው። አንቀጽ 9 መንገድንም፣ ትራንስፖርትንም፣ መረጃንም ይጨምራል። ዓይነ ስውሩ ልጄ ስለ አውቶቡስ ቁጥር ያነሳው እዚያ ውስጥ አለ። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን እንዲረዳ ይላል።

ማመልከቻ ስትጽፉ «መንገዱ ተበላሽቷል» አትበሉ። ይህ በየቀኑ የሚመጣ ደብዳቤ ነው፣ ፋይል ውስጥ ይገባል። «ከብሎክ ይህን ያህል እስከ ፌርማታ ድረስ ስንሄድ እነዚህ ቦታዎች ላይ ይህ ይህ ጎድሏል» በሉ። ፎቶ አያይዙ። የሚሄዱበትን ሰዎች ዕድሜና ሁኔታ ጻፉ። ገቢ የሆነበትን ቁጥርና ማኅተም ሳትቀበሉ አትመለሱ።

---

ሰሚት ዳር

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አንድ ነገር አልስማማም። እኛ ማመልከቻ አስገብተን ተመላልሰናል። «በጀት ሲያዝ» ነው መልሱ። በመጨረሻ አዋጥተን ክዳኑን ራሳችን አሠራን። የእኔ ጥያቄ እንዲህ ከሆነ ግብር ለምን እንከፍላለን? እኛ ስንሠራው ደግሞ «ተሠርቷል» ተብሎ ከዕቅድ ይወጣል።

---

ጡረተኛው መምህር

ልጄ፣ ጥያቄህ ልክ ነው፤ ግብር የሚከፈለው ለዚህ ነው። እኔ ሁለቱንም አብረን እንሥራ ባይ ነኝ። ሰው ሊወድቅበት የሚችለውን ጉድጓድ ዛሬ እንሸፍን። ስንሸፍን ግን በደብዳቤ እናሳውቅ፦ «ለጊዜው በነዋሪ መዋጮ የተሸፈነ፣ በቋሚነት እንዲሠራ የተጠየቀ» ብለን። ወጪውንም ደረሰኝ አያይዘን። እንዲህ ከሆነ ከዕቅድ አይወጣም፤ ማስረጃ ይሆናል። ዝም ብላችሁ ከሠራችሁት ግን ያልከው ይደርሳል።

---

ባለ ጎማ (ቱሉ ዲምቱ)

ሰሚት ዳር፣ እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ። በጀቱን እየጠበቅኩ የምቀመጠው እኔ ነኝና።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ክዳን ስታሠሩ አስቡበት። እኛ ሰፈር በበጎ ፈቃድ የተሠራው ክዳን ማንሻ ቀለበቱ ከላይ ወጥቶ ቀርቷል። ጎማዬን ይይዘዋል፣ ሰው ያደናቅፋል። ቀለበቱ ወደ ውስጥ ሰመጥ ይበል። በብረት ፍርግርግ ከሆነ ደግሞ ክፍተቱ ከጎማ ጋር አንድ አቅጣጫ አይሁን፤ አግድም ይሁን። አለዚያ ጎማውም ነጭ በትሩም ይገባበታል።

---

አስፋልትና ድንጋይ

ትክክል። የፍርግርጉ ክፍተት ከ13 ሚሊ ሜትር አይብለጥ። መኪና የሚገባበት በር ከሆነ ደግሞ ውፍረቱና ፌሮው ስለሚለይ ሳይለካ አታስሞሉ። ኮዬ ያለውን ቅዳሜ ጠዋት መጥቼ ልለካላችሁ እችላለሁ። የምፈልገው የብሎኩን አድራሻና አንድ ሜትር የሚይዝልኝ ሰው ነው።

---

ነጭ በትር

ስትለኩ እኔንም ጥሩኝ። ዓይናማ ሰው የማያስተውለውን በትሬ ያገኘዋል፤ ዝቅ ያለ ሽቦ፣ ጭንቅላት ላይ የሚመጣ የሱቅ ቆርቆሮ፣ መንገዱ መሃል የተተከለ የመብራት ምሰሶ። እነዚህ ከደረጃው ጋር አብረው ይጻፉ።

---

የኮዬ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማኅበራችን እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ስብሰባ አለው። የደረጃውን ብረትና የግቢውን ድንጋይ አጀንዳ አስይዣለሁ፤ ጋሼ የነገሩኝን የአዋጁን ቁጥር ጽፌ ይዣለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ከብሎካችን በር ተነስተን እስከ ፌርማታው አብረን እንሄዳለን። መሐንዲሱ ይለካል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ነጭ በትርን ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወንድሜ ይቀበለዋል። ባለ ጎማ፣ ለአንተ ባጃጅ ደጃፍህ ድረስ ይመጣል፤ ሰውየውን አነጋግሬዋለሁ፣ ለዊልቸሩ አይጠይቅም። እናቴም ትመጣለች፤ የምንለካው በእሷ እርምጃ ነው።

@ሾፌሩ፣ አንተም ከቻልክ መኪናህን ይዘህ ፌርማታው ላይ ቁምልን። የመርገጫህን ከፍታ ከአስፋልቱም ከጠርዙም እንለካና ሁለቱን ማመልከቻው ላይ እናስገባለን።

---

ሾፌሩ (ገላን – ቃሊቲ መስመር)

ቅዳሜ ጠዋት ገቢ አለብኝ፤ ግን 3 ሰዓት ላይ ግርግሩ ያልፋል። እመጣለሁ። ጀብሎውን ለግማሽ ሰዓት ጠጋ እንዲሉልን ልጆቹን አስቀድማችሁ አነጋግሯቸው።